ውኃ ቋጣሪ አትክልቶችን መርጦ ስለ መያዝ



በዛሬው ንግግራችን የምንመለከተው ጉዳይ ለብዙ ሰው ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ይኸውም በቤታችንና በመሥሪያ ቤታችን መስኮት አጠገብ ስለምናስቀምጣቸው፣ በወፍራም ቅጠላቸው ውኃ ቋጥረው ስለሚኖሩ አትክልቶች ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም፣ መንከባከብ ማለት ምን እንደ ሆነ ያስተምረናልና ጥቂት ደቂቃ ልንሰጠው ይገባል።

በወላይታ ዞን የዳሞት ወይዴ ወረዳ ከተማ በሆነችው በበዴሳ አንድ መሥሪያ ቤት እንዳለ በሐሳባችን እንሣል። በመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት እሬት በሸክላ ተተክላ ተቀምጣለች። ጧት ጸሐፊዋ ገብታ ታጠጣታለች፤ በአራት ሰዓት የመዝገብ ቤቱ ሹም «ደርቃለች» ብለው ይጨምሩላታል፤ ማታ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛው ከባልዲው የተረፈውን ይደፋባታል። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት በቅን ልቡና ነው። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ግን ቅጠሏ ይለሰልሳል፤ ሥሯ ይበሰብሳል፤ በመጨረሻም ትሞታለች። ያን ጊዜ «ውኃ አንሷት ነው» ይባልና በምትኳ ሌላ ይተከላል፤ ለአዲሲቱም ከፊተኛይቱ የበለጠ ውኃ ይታዘዝላታል። አድማጮቼ ሆይ፣ ያች እሬት የሞተችው በመረሳት ሳይሆን በመታወስ ብዛት ነው።

የወላይታ ገበሬ እንሰቱን አብልጦ የሚወደው፣ ውኃንና ምግብን በአካሉ አከማችቶ ዝናብ የቀረበትን ጊዜ ስለሚያሻግረው መሆኑ የታወቀ ነው። እሬትና እንዳሁላም ውኃን በመቆጠብ ረገድ የራሳቸው ብልሃት አላቸው። ሌሎች ዕፅዋት አብዛኞቹ አየር የሚስቡባቸውን የቅጠል ቀዳዳዎች በቀን ሲከፍቱ፣ እነዚህ ግን በፀሐይ ሰዓት ዘግተው፣ ውኃ እንዳይተንባቸው በሌሊት ይከፍታሉ። የዕፅዋት ሊቃውንትም ለዚህ የሌሊት ሥርዓት ስም የሰጡት እንዳሁላ በምትመደብበት ቤተሰብ ነው። እንግዲህ ለቁጠባ የተፈጠረውን ተክል በየቀኑ ማጠጣት፣ የጠገበን እንግዳ በግድ «ብላ፣ ብላ» እያሉ እንደ ማስጨነቅ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንለፍ። ብርሃን የሚገባበት መስኮት ያለው ሰው እሬትን ወይም እንዳሁላን ይያዝ፤ በተለይ የጧት ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ይስማማቸዋል። ቢሮው ጨለም ያለበት ሰው ደግሞ የቃጫ ዘመድ የሆነውንና ረጃጅም ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ሳንሰቬርያ ቢመርጥ ይበጀዋል፤ እርሱ ጥላን ይችላል። ሲገዙም ግንዱ ከሥሩ የጠነከረ፣ ቅጠሉ የሞላ፣ በቅጠሉም ብብት ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ የሌለበት መሆኑን አገላብጦ ማየት ያስፈልጋል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ቁልቋልና ቅንጭብ ሊገቡ አይገባም። ሲቆረጡ የሚያፈስሱት ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። በድንገት ዓይን ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፣ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ግዴታ ነው።

ደግሞም ከዱር ነቅሎ ማምጣት የሚያስመሰግን ሥራ አይደለም። በኢትዮጵያ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በሌላ አገር የማይበቅሉ ናቸው። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰውና ኢንገር ኑርዳል እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው መጽሐፋቸው ይህን ሀብት ዘርዝረው አሳይተዋል። ስለዚህ ከችግኝ ጣቢያ መግዛት፣ ወይም ጎረቤት ካለው እሬት ሥር የበቀለውን ትንሽ ልጅ ለምኖ መውሰድ ይበቃል። የተቆረጠውም ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ይቆይና ከዚያ ይተከል።

ስለ አያያዙ የሚታወሰው ጥቂት ነው። ሸክላው ከታች ቀዳዳ ይኑረው፤ አፈሩ እንዳያመልጥም በቀዳዳው ላይ አንድ ገል ይደረግበት። ጭቃማ አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ፣ እኩሌታው ደረቅ አሸዋ ይሁን። ከማጠጣት በፊት ስንጥር ወደ አፈሩ ጠልቆ ይውጣ፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ውኃው ለሌላ ቀን ይቆይ። ደርቆ ከወጣ ግን በቀዳዳው እስኪፈስስ ድረስ ይጠጣ፤ በሳሕኑ የተጠራቀመውም ይደፋ። በበጋ በየ2 ወይም በየ3 ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ በወር አንድ ጊዜ ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቅጠሉ ሲጨማደድ ጠምቶታል፤ ሲለሰልስና ውኃ ሲመስል ጠጥቶ በዝቶበታል፤ ገርጥቶ ወደ ላይ ሲመዘዝ ብርሃን አጥቷል ማለት ነው።

በመጨረሻ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች አንድ ምክር አለኝ። ለተክሉ አንድ ኀላፊ ብቻ ይመደብለት፤ ውኃ የጠጣበትም ቀን በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በሸክላው ላይ ይለጠፍ። ደብዳቤን ያለ ቀንና ያለ ፊርማ የማናሳልፍ ሰዎች፣ ለአንዲት እሬት ይህን ያህል ሥርዓት ብናደርግላት አይከብደንም። የሚወዱትን ነገር ባሕርይ ሳያውቁ መንከባከብ ለራስ ደስታ ይሰጥ ይሆናል፤ ለተወደደው ግን አይጠቅምም። እጅን መሰብሰብም በጊዜው ሲሆን ከእንክብካቤ ይቈጠራል።