የተያዘው ጠመንጃ ሞዴል 19 አለው ወይ?

(በየካቲት 2012 ዓ.ም በአምበር ከተማ ለወጣቶች የቀረበ ንግግር ነው። በአዳራሹ ላልነበራችሁ አንባቢዎች እንዲደርስ በጽሑፍ ለጥፈነዋል። አንብቡት፣ ሼር አድርጉት።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጠመንጃ ነው። ፉከራ የጠበቀ ካለ ግን ይቅርታ፣ ፉከራ የለኝም። ስለ ወረቀት ነው የማወራው።

ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን አጽድቋል። ቁጥሩን ያዙት፤ 1177/2012። ከዚያ ቀን ወዲህ በየገበያው፣ በየሰንበቴው፣ በየጠላ ቤቱ ወሬው አንድ ነው፤ «ሊያስፈቱን ነው»። ከላይኛው ወገን ደግሞ «ሥርዓት ለማስያዝ እንጂ ለማስፈታት አይደለም» ይባላል። እሺ፣ የቱ ነው እውነቱ? አንዱም ወገን ወረቀት አውጥቶ አላሳየንም። እኛም «ወረቀቱን አሳዩን» ብለን አልጠየቅንም። በፌስቡክ ጮኸናል፣ እሱን አልክድም። ጩኸት ግን መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ቁጥር አይሰጠውም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ ኋላ እንዳንነታረክ። ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል ሰው ከእኛ ዘንድ ካለ አልስማማም። በሠርግ ላይ በተተኮሰ ጥይት እንግዳ ሲሞት፣ በደም መላሽ ሰበብ ቤተሰብ ሲያልቅ እያየን ነው ያደግነው። ባለፈው ታኅሣሥ ሞጣ ላይ መስጊድ ሲቃጠል ያየ የጎጃም ልጅ «ሕግና ሥርዓት ለምኔ» ሊል አይችልም፤ የተቃጠለው የጎረቤቶቻችን፣ የወገኖቻችን ቤተ እምነት ነው። ኮንትሮባንዱም እውነት ነው። አዋጁ የጸደቀ ዕለት ሮይተርስ ባወጣው ዜና ባለፈው ዓመት ተያዙ የተባሉት ሽጉጦች ከ33 ሺህ በላይ ናቸው። ሠላሳ ሦስት ሺህ! ቁጥሩን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «ማን አስገባው?» የሚል ነበር። ሁለተኛው ግን እስካሁን እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ከተያዘ በኋላ የት ገባ?

ይኼ ጥያቄ የአዲስ አበባ ጥያቄ ብቻ አይደለም። አባትህ ሁለት በሬ ሸጦ የገዛው ክላሽ ቢያዝ፣ የያዘው ሰው ምን ሰጠው? ደረሰኝ ነው ወይስ «ነገ ና» የሚል ቃል? በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ወንበር እንኳ ግምጃ ቤት ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይደረጋል፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው የሚወጣው። ወንበር ደረሰኝ ካለው ክላሽ የማይኖረው በምን ምክንያት ነው? ኤግዚቢት ከሆነም የኤግዚቢት መዝገብ አለ። መዝገቡ ላይ የሌለ መሣሪያ አልተያዘም ማለት ነው፤ ወይም ደግሞ ተይዞ ሌላ መንገድ ሄዷል።

የዚህ አገር ሰው ስለ ጠመንጃ ምዝገባ ቢጠራጠር ጥርጣሬው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት «አንከፍልም» አሉ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ነበሩ። ሰው የተነሣው በግብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬትህ ሊለካ ነው መባሉ፣ መዋጮው፣ ጠመንጃህን አስመዝግበህ ክፈል መባሉ ሁሉ ተደራርቦ ነው። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ የቆየው የግብር ውዝፍም ተሰረዘ። አያቶቻችን ይህን በሽለላ ነገሩን፤ ጥሩ ነው። ለእኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ያ ገበሬ ጠመንጃው ለምን እንደሚመዘገብ፣ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ «ሰነዱን አሳየኝ» ብሎ የሚጠይቅበት ሕግ አልነበረውም። የነበረው አቤቱታና ዱር ቤቴ ማለት ብቻ ነው። እናንተ ግን ሕግ አላችሁ።

የሕጉ ስም የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይባላል። ስሙን ሰምቶ የጋዜጠኛ ሕግ የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። በአንቀጽ 12 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው ይላል። ማንኛውም ሰው! የአምበር ባጃጅ ነጂም፣ የጉልት ነጋዴም። ሥሩ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ነው፤ አንቀጽ 12ም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። በሕገ መንግሥቱ ላይ ያለኝን ቅሬታ ታውቁታላችሁ። ቢሆንም የተጻፈልንን መብት በቅሬታ ምክንያት ተኝተን አንለፈው።

እንግዲህ ማመልከቻው እንዴት ይጻፋል? እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ፣ ጥሩ ጥያቄ የሚበላሸው እዚሁ ነውና። «ሕዝባችን ለምን ይፈታል?» ብለህ ብትጽፍ ይኼ አቋም ነው፣ መረጃ መጠየቅ አይደለም። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ፋይል አድርጎት ይተኛል፣ እሱም አይፈረድበትም። መጠየቅ ያለባችሁ በእጃቸው ያለን፣ ቀንና ቁጥር ያለውን ሰነድ ነው። እንዲህ በሉ፤ «ለወረዳው ፖሊስ ጽ/ቤት። ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ስለመጠየቅ። ከሐምሌ 1 ቀን 2011 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2012 በወረዳው ውስጥ ከግለሰብ እጅ የተያዘ የጦር መሣሪያ ብዛት በዓይነት፣ ገቢ የተደረገበት ሰነድ ቁጥርና ቀን፣ ከዚህም ውስጥ ለባለቤቱ የተመለሰው፣ ወደ ሌላ አካል የተላለፈውና የተወገደው ብዛት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በቃ። ስድብ የለ፣ መፈክር የለ።

የሰው ስም ግን እንዳትጠይቁ። የትኛው ገበሬ ቤት ምን መሣሪያ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር ወጣ ማለት ለሌባ ካርታ ሰጠነው ማለት ነው። የግለሰብ ምስጢር በሕጉም የተጠበቀ ነው። እኛ የምንፈልገው ቁጥሩን ነው። የጥበቃ ቦታ፣ የግምጃ ቤት አድራሻ፣ የሰው ኃይል ስምሪት የሚሉትንም ተዉት፤ አይጠቅማችሁም፣ «የጸጥታ ምስጢር ጠየቁ» ለማለት ግን በቂ ሰበብ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ወደ ክልል ነው የሚሄደው። አዲሱ አዋጅ መሣሪያ መያዝ ልማድ ስለሆነባቸው አካባቢዎች ለብቻው የሚናገረው ነገር አለው። እነዚያ አካባቢዎች የትኞቹ ናቸው? ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ስንት ወረዳ ይገባል? ማን፣ በየትኛው ስብሰባ፣ በምን መስፈርት ይለያል? የአባትህ ክላሽ ሕጋዊ ይሁን ሕገወጥ የሚለየው በዚህ መልስ ነው። መመሪያው ተዘጋጅቶ ከሆነ ቅጂው ይሰጠን፣ ገና ከሆነም ገና ነው ተብሎ ይጻፍልን። «ገና ነው» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በእጁ የያዘ ወጣት፣ ነገ አንድ ሚሊሻ መጥቶ «መመሪያ አለ» ብሎ መሣሪያ ልቀም ቢል የሚያሳየው ነገር አለው።

ሦስተኛው ወደ ፌዴራል ፖሊስ ነው፣ ዋናው ተቆጣጣሪ እሱ ነውና። በየክልሉ ስንት መሣሪያ ተመዘገበ፣ ስንት ተያዘ? «የሚፈታው አማራው ብቻ ነው» የሚል ነገር ከአፋችን አይጠፋም፤ እኔም ብያለሁ። እንግዲያው በክልል የተከፋፈለውን ቁጥር እንጠይቅ። ቁጥሩ እንዳልነው ከሆነ ክሳችን ሰነድ አገኘ። እንዳልነው ካልሆነስ? ያን ጊዜ ደፍረን ማተም አለብን። የጎዳንን ቁጥር የሚደብቅ ንቅናቄ ሌላውን «ደበቅህ» ለማለት አፍ አይኖረውም።

ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን አስገቡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ አስደርጉ። ያለዚያ አልሄዳችሁም ማለት ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ሊጠይቅ ይችላል፣ ቃሉን በጽሑፍ ማስፈር የኃላፊው ግዴታ ነው፤ ስለዚህ እነ አያንም እነ እትዬንም ይዛችሁ ሂዱ። መሣሪያው የተወሰደባቸው በአብዛኛው እነሱ ናቸው። መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በበቂ ምክንያት ሊራዘም ይችላል።

«ምስጢር ነው» ይባላል። ይባላል፣ ከወዲሁ ተዘጋጁ። አዋጁ የማይሰጡ መረጃዎች አሉት፤ የአገር ደህንነት፣ የወንጀል ምርመራ፣ የሦስተኛ ወገን ምስጢር። እነዚህን እናከብራለን። ነገር ግን ከሰነዱ ውስጥ ምስጢሩ ተለይቶ ቀሪው ይሰጥ ዘንድ ሕጉ ያዝዛል፤ የሕዝብ ጥቅም ከጉዳቱ ከበለጠ ደግሞ መከልከል አይቻልም ይላል። ከሁሉ በላይ ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መሆን አለበት። በር ላይ «ሂድ አንተ» መባል ክልከላ አይደለም፣ ግልምጫ ነው። ኃላፊውን በትሕትና «ጋሼ፣ ይህንኑ በደብዳቤ ይጻፉልኝ» በሉት። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ላለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ካልሆነም ለፍርድ ቤት ነው።

«ይኼ የፈረንጅ ጨዋታ ነው፣ እኛ ጋ አይሠራም» የሚለኝ አይጠፋም። የፈረንጁን ልንገራችሁ እንግዲህ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1995 የጠመንጃ ምዝገባ ሕግ ስታወጣ ሕዝቡ የተነገረው የተጣራ ወጪ 2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አንድ የገጠር ተወካይ፣ ጋሪ ብራይትክሮይትስ የሚባሉ የፓርላማ አባል፣ በዚያው አገር የመረጃ ሕግ በመቶ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን አስገብተው ወረቀቱን እየለቀሙ ወጪውን አሳዩ። በ2002 ዋና ኦዲተሯ ሺላ ፍሬዘር ወጪው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እየሄደ መሆኑን ይፋ አደረጉ። የረጅም ጠመንጃ መዝገቡ በ2012 ተሻረ። እንግዲህ ይኼ ባለጠመንጃዎች ያሸነፉበት ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን የደቡብ አፍሪካው ነው። እዚያ ክሪስቲያን ፕሪንስሎ የሚባል የፖሊስ ኮሎኔል ሕዝቡ ያስረከበውንና የተያዘውን፣ ተቀጥቅጦ ሊወገድ የተቀመጠውን መሣሪያ ለኬፕ ታውን ወንበዴዎች ይሸጥ ነበር። ወደ 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃና ሽጉጥ ነው። በ2016 የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በእነዚያ መሣሪያዎች ሕፃናት ሳይቀሩ ተገድለዋል። ሰላማዊው ዜጋ «ለሰላም ሲባል» ብሎ ያስረከበው መሣሪያ በቀማኛ እጅ ሆኖ ተመልሶ መጣበት ማለት ነው። እዚያ አገር የፖሊስን መዝገብ አምጡ እያሉ የሚሟገቱት ደግሞ መሣሪያ ይቀነስ የሚሉት ናቸው። እዩት፤ ካናዳ ላይ የጠመንጃ ወዳጅ፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ የጠመንጃ ተቃዋሚ፣ የሁለቱም ጥያቄ ግን ያው ነው፤ መዝገቡን አሳዩን።

እንግዲህ ሥራ እንከፋፈል። ከየወረዳው ሁለት ሁለት ልጅ በቂ ነው፣ ተሰልፋችሁ አትሂዱ፤ ሰልፍ ሲመስል ሌላ ስም ይሰጠዋል። ሰኞ መጋቢት 7 አስገቡ። 30ኛው ቀን ረቡዕ ሚያዝያ 7 ላይ ይውላል፣ ሰሙነ ሕማማት ነው፤ ስቅለት ሳይደርስ ጠዋት ሂዱና መልሱን ጠይቁ። መልስ ከተሰጣችሁም፣ ከተከለከላችሁም፣ ዝም ከተባላችሁም የገቢ ቁጥሩ ያለበትን ቅጂ ፎቶ አንሡና ስማችሁን ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። የየወረዳውን ጎን ለጎን አድርገን እዚሁ ገጽ ላይ እናወጣዋለን።