ስሙን ያልጻፈ ሰውና የጉዞ ማኅበራችን

(በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ጸሐፊ የተሰጠ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኛችሁ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ውኃና ስለ ጎርፍ መውረጃ ቦይ አይደለም። ካለፈው ጥር ወር ጀምሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፉት ሦስት ወረቀቶች ነው። ወረቀቶቹ ስም የላቸውም፤ ፊርማም የላቸውም። ነገር ግን ማኅበራችንን ለሁለት ከፍለውታል። ገንዘብ ያዣችን ሥራቸውን ለቀዋል። ለሐምሌው ጉዞ እስከ ዛሬ የተመዘገበው ሰው ዘጠኝ ብቻ ነው። በዘጠኝ ሰው ደግሞ አውቶቡስ አይከራይም። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ አንሥተን፤ የሌላውንም የራሳችንንም ጥፋት ሳንደብቅ ለመናገር ተገደናል።

እንደምታውቁት የቁልቢ ገብርኤል በዓል በዓመት ሁለት ጊዜ፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል። ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፤ በሰላም ሲመለሱ ቤተ ክርስቲያኑን አሠሩ እየተባለ ይነገራል። እኛም እንደ አቅማችን ስለት ይዘን እንሄዳለን። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዳማን፤ አዋሽን፤ ሚኤሶን አልፎ፤ ከቆላው ሙቀት ወጥቶ በአሰበ ተፈሪ በኩል ወደ ጨርጨር ደጋ ይወጣል። በታኅሣሥ የቁልቢን የሌሊት ብርድ ያየ ያውቀዋል። የጉዞው መዋጮ 3,200 ብር ሲሆን፤ በመካከላችን በየሳምንቱ 50 ብር እያስቀመጡ፤ ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቀው የሞሉ እናት አሉ። እንግዲህ ይሄ ጉዞ ቀረ ማለት ለእኚህ እናት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ጭቅጭቁ የተጀመረው በአንዲት ወንበር ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. 44 ሰዎች ሆነን ስንነሣ፤ ከሾፌሩ በስተኋላ ያለችውን ወንበር ቀድሞ የተመዘገበ አባላችን «የኔ ናት» አለ። አስተባባሪዎቹ ደግሞ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አንድ አባት ሰጥተዋት ኖሯል። የወንበር ደንብ ስላልነበረን ሁለቱም ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ እስከ አዋሽ ድረስ ወሬው ሁሉ ወንበር ሆነ። ምሳ ላይ ደግሞ ድፎ ዳቦው ለፊተኞቹ ወፍራም፤ ለኋለኞቹ ቀጭን ተቆረጠ ተባለ። መዝሙሩ ጮኸ ተባለ። መስኮት ተከፈተ፤ መስኮት ተዘጋ። ምን አለፋችሁ፤ ስለት ይዞ የሚሄድ ሰው ሳይሆን ርስት የሚካፈል ሰው መስለን ነበር።

ይሁን እንጂ የመንገድ ኩርፊያ ዕድሜው አጭር ነው። መንገደኛ ሲደክመው ይነጫነጫል፤ ሲያርፍ ይረሳል። ቁልቢ ደርሰን ብርዱ ሲገባን ያው ባለ ወንበሩ አባላችን ጋቢውን አውልቆ ለእኚያው ጉልበታቸውን ለሚያማቸው አባት ሲያለብስ በዓይናችን አይተናል። ፊት ለፊት የተጣላ ሰው ፊት ለፊት ይታረቃል። ነገሩ እዚያው ቢቀር ኖሮ ዛሬ ይህን ንግግር ባልጻፍን ነበር።

በጥር ወር የመጀመሪያው ወረቀት ተለጠፈ። «የፊት ወንበር የሚሰጠው በዝምድና ነው ወይ?» የሚል ነው። ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛው መጣ። «ከጉዞው የተረፈው ገንዘብ የት ገባ?» ይልና ከሥሩ «የገንዘብ ያዥ አዲሱ ምጣድ በምን ብር ተገዛ?» የሚል ተጨምሮበታል። ሦስተኛው ለሁለተኛው መልስ ነው። ገንዘብ ያዣችንን ደገፍኩ ብሎ፤ ሁለተኛውን የጻፈው የዕድር ዕዳ ያለበት ሰው ነው ሲል ሰድቧል። እሱም ቢሆን ስሙን አልጻፈም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የዕድር ዕዳ ያለባቸው ቤቶች ተቆጠሩ፤ በሰው ድህነት ላይ ጣት ተቀሰረ። አንዳንዶቻችን የመዝገብ ደብተር አውጥተን የእጅ ጽሕፈት ማመሳከር ጀመርን። «ይቺ ‹ጠ› የእገሌን ትመስላለች» ተባለና፤ ለሽማግሌዎቻችን ማመልከቻ በነፃ የሚጽፍ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ተጠረጠረ። ጥፋቱ ጽሕፈቱ ማማሩ ብቻ ነው። እናቱ ቡና መጠራራት ትተዋል። ልጁም ከዚያ ወዲህ ለማንም አይጽፍም። ወረቀቱን የጻፈው እሱ ይሁን ሌላ የሚያውቅ የለም። የማይታወቅ ሰው ጥፋት በሚታወቅ ሰው ላይ አረፈ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ እንናገር። 44 ሰው 3,200 ብር ሲያዋጣ 140,800 ብር ይሆናል። ለአውቶቡስ ኪራይ 105,000 ብር፤ ለምግብ፤ ለማገዶና ለውኃ 24,600 ብር፤ ለማደሪያ 6,800 ብር ወጣ። የቀረው 4,400 ብር ነው። በበዓሉ ሌሊት አንዲት እናት በጠና ታመው ወደ ድሬዳዋ ተወስደው ታክመዋል። ለመኪናና ለሕክምና 2,900 ብር ተከፍሏል። ቀሪው 1,500 ብር በማኅበሩ ሒሳብ ገብቷል። ደረሰኞቹ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ የፈለገ ቀርቦ ይመልከት።

ገንዘብ ያዣችን ይህን ለምን በጊዜው አልተናገሩም? የታመሙት እናት «ልጆቼ አትሂጂ ብለውኝ ነው የሄድኩት፤ እባካችሁ እንዳይሰሙ» ብለው ስለለመኑ ነው። ገንዘብ ያዣችን የሰው ምስጢር ጠብቀው የራሳቸውን ስም አስጠፉ። ዛሬ የምንናገረው በእናታችን ፈቃድ ነው፤ እዚሁ መካከላችን ተቀምጠዋል። ምጣዱንም ቢሆን ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከችላቸው ገንዘብ ነው የገዙት። ሰው በገዛ ቤቱ ስለሚጋግርበት ምጣድ ለማኅበር መልስ መስጠት አልነበረበትም። ግን ተጽፎ ተለጠፈ፤ እኛም ስናነብ ከረምን።

እዚህ ላይ የራሳችንን የሥራ አመራሩን ጥፋት መናገር ይገባናል። ከጉዞ በኋላ ሒሳቡን ወዲያው መለጠፍ ሲገባን አራት ወር አቆየነው። የታማሚዋን ስም ሳናነሣ «ለሕክምና 2,900 ብር» ብለን መጻፍ እንችል ነበር። ይባስ ብሎ አንድ አባላችን በጥር መግቢያ ቢሯችን ድረስ መጥቶ ስለ ሒሳቡ በቃሉ ጠይቆን ነበር። የመለስንለት መልስ «አታምነንም እንዴ?» የሚል ነው። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ስሙን ይዞ ፊት ለፊት የጠየቀውን ሰው አሳፍረን ስናበቃ፤ ስሙን ደብቆ በጻፈው ሰው ላይ ብቻ መቆጣት አያምርብንም። ያን አባላችንን በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንግዲህ ስም የሌለው ቃል ሁሉ ክፉ ነው ወይ? አይደለም። በአገራችን ስምን ደብቆ መናገር የቆየ ነገር ነው። ድሮ ባላባቱና ሹሙ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። የእረኛው ግጥም ባለቤቱ አይታወቅም፤ ግን ደካማው ኃይለኛውን የሚናገርበት መንገድ ነበር። በገጠርም ከብት ሲሰረቅ ወይም ቤት ሲቃጠል ሕዝቡ ሜዳ ላይ ለአፈርሳታ ይሰበሰብ ነበር። በግልጽ ለመመስከር የፈራ ሰው ያየውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በምስጢር ይናገር ነበር። ይህንንም ምስጢረኛ «ወፍ» ይሉት ነበር። ወፉ ከሕዝቡ ይሰወር ነበር እንጂ ከሽማግሌዎቹ አይሰወርም ነበር። ማን እንደሆነ ያውቁት ነበር፤ ይጠይቁትም ነበር፤ ቢዋሽም ያፍርባቸው ነበር። በእርግጥ አፈርሳታም ሰውን ሥራ እያስፈታ ብዙ አስቸግሯል። ሆኖም የወፉ ነገር ትምህርት አለው።

የሚጠይቀው የሌለ ወፍ ምን እንደሚያደርስ ደግሞ ከወላጆቻችን ሰምተናል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በሚያደርሰው ጥቆማ ሰው ከቤቱ ተወስዶ ቀርቷል። ጠቋሚው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ፤ ሟችም መልስ ሳይሰጥ። ከመካከላችን አባቱን ወይም አጎቱን እንደዚያ ያጣ አለ። የኛ ነገር የወንበርና የዳቦ ነገር ነው፤ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን በሩ አንድ ነው፤ የተከሰሰ ሰው ከሳሹን ሳያይ ስሙ ይጠፋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ስም ማጥፋትን እንደሚያስጠይቅ ለማስታወስ እንወዳለን።

እኛ ከሁሉ በላይ ያሳሰበን አንድ ነገር ነው። በኛ ልማድ ጠብ መጨረሻው ዕርቅ ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አንዱ ይናገራል፤ ሌላው ይመልሳል፤ ጥፋተኛው ይካሳል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባላል። ስም ከሌለው ወረቀት ጋር ግን እንዴት ነው የምንታረቀው? ከማን ጋር? ሽማግሌስ ወደ ማን ቤት ይሂድ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይባላል፤ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ደግሞ በየቤቱ ገብቶ ይቀመጣል። የተነሣ ወረቀት ተነሥቶም ይወራል። ለዚህ ነው አንድ ቀን የማይሞላ የመንገድ ኩርፊያ አምስት ወር የቆየው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ለውሳኔ እናቀርባለን።

1ኛ፤ ከእንግዲህ ስምና ፊርማ የሌለው ወረቀት በሰሌዳው ላይ አይቆይም። የተለጠፈውን ያየ አባል ሳያባዛና ሳያወራ ለሥራ አመራሩ ያስረክብ።

2ኛ፤ በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ሰው አፉ እንዳይዘጋ፤ ከሥራ አመራሩ ውጭ የሆኑ ሁለት እናቶችና አንድ አባት ይመረጡ። ቅሬታ ያለው ለእነሱ ይንገር። ስሙን ለእኛም ለሌላም አይናገሩም፤ ነገሩን ግን አጣርተው በ15 ቀን ውስጥ መልሱን በሰሌዳው ላይ ያወጣሉ። ቅሬታው በእኛ በሥራ አመራሩ ላይ ቢሆንም እንደዚሁ ነው።

3ኛ፤ የማንኛውም ጉዞ ሒሳብ በተመለስን በ10 ቀን ውስጥ ከነደረሰኙ ይለጠፋል። ሒሳብ የጠየቀ ሰው «አታምነንም እንዴ?» አይባልም። መጠየቅ የአባል መብት ነው።

4ኛ፤ የፊት ወንበሮች ለሽማግሌዎች፤ ለሕመምተኞችና ለነፍሰ ጡሮች ይሆናሉ። የቀረው በዕጣ ነው። ዳቦውንም ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ሰው ይቁረጠው።

5ኛ፤ የእጅ ጽሕፈት ማመሳከር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ወረቀቶቹን የጻፉት እነማን እንደሆኑ አንፈልግም። እዚህ ተቀምጠው የሚሰሙን ከሆነ ግን፤ ለአዲሶቹ ሽማግሌዎች ቀርበው ቢነግሩ ስማቸው ሳይወጣ ነገሩ በዕርቅ ይዘጋል። ደጁ ክፍት ነው።

በመጨረሻም ሁለት ልመና አለን። አንዱ ለዚያ ተማሪ ልጃችን ነው። ነገ ጠዋት እኛ የሥራ አመራሩ ከሁለት እናቶች ጋር ቤታቸው ድረስ ሄደን እሱንም እናቱንም ይቅርታ እንጠይቃለን። ሁለተኛው ለገንዘብ ያዣችን ነው። ይመለሱልን። ካልተመለሱም አንፈርድባቸውም፤ ግን ደብተሩን ሲያስረክቡ አንዲት ሳንቲም እንዳልጎደለ በዚህ ስብሰባ ፊት መስክረናል፤ ይህም በሰሌዳው ላይ ከነስማችንና ከነፊርማችን ይለጠፋል።

በየሳምንቱ 50 ብር የሚያስቀምጡት እናታችን ትናንት መጥተው «ሐምሌ አለ ወይስ የለም?» ብለው ጠይቀውናል። መልሱ በእናንተ እጅ ነው። የመመዝገቢያው ደብተር በሩ አጠገብ ተቀምጧል። የሚመዘገብ ሰው ስሙን ይጻፍ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፤ ስለ ሥራ አመራሩ