መድኃኒት ከመላካችን በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

ኮሚቴው የሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚህ አሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ከታማሚ ደም፣ ሽንት፣ አክታ ወይም ቁስል የተወሰደ ናሙና ተቀብዬ የትኛው ባክቴሪያ እንዳለበት መለየት፣ ከዚያም የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መሞከር ነው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ጀርም አርቢ» ነበር የምትለኝ። ብዙም አልተሳሳተችም።

በዛሬው አጀንዳ ተራ ቁጥር 4 ላይ የተጻፈውን አንብባችኋል። በዘንድሮው መዋጮ አንቲባዮቲክ ገዝተን፣ ከየቤታችን የተሰበሰበውንም ጨምረን ለከተማችን ሆስፒታል እንላክ የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። ባለፈው ክረምት አገር ቤት ደርሰው የተመለሱ አባላት የፋርማሲውን ባዶ መደርደሪያ አይተው ያመጡት ነው። እኔ የቆምኩት ግን ገንዘቡ ለሌላ ነገር ይዋል ለማለት ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

አገር ቤት ደውለን «እንዴት ከረማችሁ?» ስንል ደጋግመን ከምንሰማቸው መልሶች አንዱ «ታይፎይድ ይዞኝ ነበር» የሚለው ነው። አንዳንዴም ታይፎይድና ታይፈስ እንደ መንትያ አብረው ይመጣሉ። ከመካከላችን «ታይፎይድ ነው» የተባለ ዘመድ የሌለው ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ማንም የለም። ይህ ሁሉ ታይፎይድ ከየት መጣ? በሽታው አገራችን ውስጥ መኖሩ እውነት ነው። የቁጥሩ መብዛት ግን በከፊል ከምርመራው የመጣ ነው።

በብዙ ጤና ጣቢያና ክሊኒክ የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ የዓድዋ ድል ዓመት ማለት ነው። ከታማሚው ደም የተለየ ፈሳሽ የታይፎይድ ባክቴሪያ ካለበት ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል፤ ፍርፍር ብሎ ከተሰባሰበ «ፖዘቲቭ» ይባላል። ችግሩ ይህ ምርመራ ባክቴሪያውን ራሱን አለማየቱ ነው። የሚያየው ሰውነታችን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ ደግሞ ድሮ ከያዘን ሕመም፣ ከክትባት፣ ከሌላ ተዛማጅ ባክቴሪያ፣ አንዳንዴ ከወባ ትኩሳት ጭምር ሊመጣ ይችላል። ምርመራው በወጉ ይሠራ ከተባለ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ መጠኑ መጨመሩ መታየት ነበረበት። ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ከገጠር በእግሩ የመጣ ሰው ዐሥር ቀን ይጠብቃል? አይጠብቅም። ስለዚህ በአንድ ጠብታ ይፈረዳል። የታይፈሱ ምርመራ፣ ዌይል-ፌሊክስ የሚባለው፣ ደግሞ ይብሳል። ደሙን የሚያቀላቅለው ከታይፈስ አምጪው ጋር ሳይሆን ፕሮቲየስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ ጋር ነው፤ ሁለቱ በከፊል ስለሚመሳሰሉ ብቻ።

ይህን ስል አገር ቤት ያሉትን ባልደረቦቼን መውቀሴ አይደለም። ወባንና ግርሻን በማይክሮስኮፕ ለይቶ በማወቅ እኛን ያስከነዳሉ። እዚህ አብረውኝ ከሚሠሩት አብዛኞቹ የግርሻን ባክቴሪያ በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። አገር ቤት የጎደለው ዕቃና ግብዓት ነው።

ነገሩ ቤታችን ሲገባ ምን እንደሚመስል በአክስቴ ልንገራችሁ። ፈቅደውልኛል፤ እንዲያውም «ንገርልኝ» ብለውኛል። አክስቴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ነው ተባሉ። ድካም፣ ከእምብርት በታች ሕመም፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ነበረባቸው። ስለ ሽንቱ ግን አፍረው ለወጣቱ ሐኪም አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቃቸውም። መጀመሪያ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተሰጣቸው። ቀጥሎ ሴፍትሪያክሰን በመርፌ ተወጉ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም ተደገሙ። ለዚህ ሁሉ ከእኔ የተላከው ገንዘብ አለቀ፤ አንዲት ጥጃም ተሸጠች። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ወደ ሌላ ከተማ ወስዳቸው ሽንታቸው በካልቸር ተመረመረ። ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ተገኘ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲንንም ሴፍትሪያክሰንንም የተላመደ። ሊገድለው የቻለው ናይትሮፉራንቶይን ሆነ። ይህ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ለሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን የሚሰጥ፣ ርካሽ ክኒን ነው። በአምስት ቀን ዳኑ። ልብ በሉ፣ አክስቴ አንድ ቀንም መድኃኒት አጥተው አያውቁም።

አሁን «መላመድ» የምንለውን ላብራራ። ብዙ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። የሚላመደው ሰውነታችን ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። አንድ ማሳ ላይ አረም የሚገድል መድኃኒት ሲረጭ ደካማው አረም ይደርቃል፤ በተፈጥሮው የጠነከረው ይተርፋል፣ ዘሩንም ይበትናል። በሚቀጥለው ዓመት ማሳው በጠንካራው አረም ይሞላል። ባክቴሪያ ደግሞ ከአረም የሚከፋበት ነገር አለው። አንዳንዱ እንደ ኢ. ኮላይ ያለው በደህና ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ ራሱን እጥፍ ያደርጋል፤ የመቋቋሚያ ዘዴውንም ገልብጦ ዘመዱ ላልሆነ ሌላ ባክቴሪያ ጭምር ያቀብላል። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱ በትንሽ በትንሹ ከተወሰደ ባክቴሪያው እንደሚላመድ አስጠንቅቆ ነበር።

ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ2019 ብቻ በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ገምቷል። የሞቱ መጠን ከሕዝብ ብዛት አንጻር ከሁሉ የከፋው ከሰሃራ በታች ባለው ምዕራባዊ አፍሪካ ነበር። ኢትዮጵያም በጥናት ተዳስሳለች። ባርናርድስ የተባለ፣ ሰባት አገሮችን ያቀፈ የጨቅላ ሕፃናት ጥናት ነበር፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አንዱ ቦታ ነው። በጨቅላዎቹ ደም ውስጥ ከሁሉ በላይ የተገኘው ባክቴሪያ ክሌብሲየላ ኒሞኒያ ነው፤ አብዛኛውም ለመጀመሪያ የሚሰጠውን አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተላመደ ነበር።

ክሌብሲየላ እርጥበት ይወዳል። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ አክታ መምጠጫ ቱቦ ውስጥ፣ ለብዙ ሕፃን በሚቀዳ አንድ የግሉኮስ ከረጢት ውስጥ ይኖራል። ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪ ባለበት ሆስፒታል በአንድ ሳምንት ሦስት ሕፃናት አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲገኝባቸው ወዲያው ይደወላል፤ ምንጩ ይፈለጋል፤ ክፍሉ ይጸዳል። ላቦራቶሪው በሌለበት ግን ሕፃናቱ «በኢንፌክሽን» ሞቱ ይባላል፤ እናቶችም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸኛው ነው።

ወደ ሻንጣችን ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ ያወጣው መመሪያ አለ። የተላከው መድኃኒት ተቀባዩ የጠየቀው መሆን አለበት፤ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የአገልግሎት ጊዜ ሊቀረው ይገባል፤ ለታማሚ ተሰጥቶ የተመለሰ ወይም ናሙና ተብሎ በነፃ የታደለ መድኃኒት አይላክም። ባለፈው ወር በስብሰባ አዳራሻችን የተሰበሰበውን ካርቶን ከፍቼ አየሁት። ግማሽ የተወሰደ አዚትሮማይሲን፣ የልጅ ሽሮፕ፣ ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር የቀረው አሞክሳሲሊን ነው ያለው። ይህ ጉምሩክ ቢያልፍ እንኳ ለሆስፒታሉ ሸክም ይሆናል፤ የሚያስወግዱትም እነሱ ናቸው። በነገራችን ላይ በግልባጩም እንዲሁ ነው። አገር ቤት ሄደን ስንመለስ «ለክፉ ቀን» ብለን ይዘን የምንመጣው ካፕሱል ለጉንፋን አይሠራም፤ ጉንፋን የቫይረስ ነው። እባካችሁ ለልጆቻችሁ አትስጡ።

ታዲያ የማቀርበው ምንድን ነው? ለሆስፒታላችን አንድ የባክቴሪያ ካልቸር ክፍል እናቋቁም፤ ለሦስት ዓመትም እንደግፈው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ደም፣ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት፣ ከአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይወሰዳል። («ደሜን ጨረሱት» የሚሉ ይኖራሉ፤ ማስረዳት ነው።) ጠርሙሱ በ35 ዲግሪ ይቆያል፤ ልክ ሊጥ እርሾ ገብቶበት እንደሚያድር። ፈሳሹ ከደፈረሰ፣ ዴንማርካዊው ሐንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባሳተመው ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ሐምራዊ ነው ወይስ ቀይ? ይህች ብቻ ሐኪሙን ብዙ ትረዳዋለች። ከዚያ ሳህን ላይ ይዘራል። በማግስቱ የበቀለው ተወስዶ በሌላ ሳህን ላይ በስሱ ይቀባና ልዩ ልዩ መድኃኒት የነከሩ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ይቀመጡበታል። በሚቀጥለው ጠዋት በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ባዶ ክብ ይታያል፤ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለካል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1966 የተደነገገ ነው። እኛ ዘንድ በደቂቃዎች ውስጥ ባክቴሪያ የሚለይ ማሽን አለ፤ ማስመሪያው ግን ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ለዚህም ነው «ትልቁን ማሽን እንግዛ» የሚለውን ሐሳብ የማልደግፈው። አውቶማቲክ ማሽን የራሱን ጠርሙስ ብቻ ነው የሚቀበለው። ጠርሙሱ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ሲያልቅ ማሽኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ይቆማል። እንዲህ የቆሙ ዕቃዎችን በየሆስፒታሉ ያየን ሰዎች እዚህ አለን። የሚያስፈልገው ኢንኩቤተር፣ አውቶክሌቭ፣ የባለሙያ መከላከያ ካቢኔት፣ ማቀዝቀዣና መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ነው። ከዚያ በየዓመቱ የሚያልቀው ግብዓት፣ የወረቀት ክቦቹና የሳህን ዱቄቱ፣ ይመጣል። ክቦቹ ጊዜያቸው ያልፋል፤ ሙቀት ካገኛቸውም ውሸት ይናገራሉ። ስለዚህ በየሳምንቱ ጠባዩ በሚታወቅ ባክቴሪያ፣ ለምሳሌ ኤቲሲሲ 25922 በተባለው ኢ. ኮላይ፣ መፈተሽ አለባቸው። ይህ ቁጥጥር ከሌለ ላቦራቶሪው ባይኖር ይሻላል እላለሁ። የተሳሳተ ውጤት ሐኪሙን በልበ ሙሉነት ያሳስተዋልና።

አንድ በግም ያስፈልጋል። ሳቃችሁን ጨርሱ። አንዳንድ ባክቴሪያ ካለ ደም አይበቅልም፤ ሳህኑ ላይ አምስት በመቶ የበግ ደም ይጨመራል። በጉ አይታረድም። ከአንገቱ ሥር በመርፌ ይቀዳለትና እንዳይረጋ ከመስታወት ፍሬዎች ጋር ይናጣል። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ታስሮ፣ ሣር እየበላ፣ ፋሲካ ሲደርስ የማይታረድ አንድ ጤነኛ በግ ይኑረን። ዘበኞቹን ማስማማት የአገር ቤቱ ኮሚቴ ድርሻ ነው።

«ሰው ዛሬ እየሞተ አንተ ስለ ሳህን ታወራለህ» የሚለኝ ይኖራል፤ እውነትም አለው። ባዶው መደርደሪያ እውነት ነው። ስለዚህ ሆስፒታሉ በጽሑፍ የጠየቀውን፣ የዓለም ጤና ድርጅት «አክሰስ» ብሎ ከመደባቸው የመጀመሪያ ደረጃ መድኃኒቶች ውስጥ፣ እዚያው አገር ቤት ከሕጋዊ አከፋፋይ ገዝተን ብንሰጥ አልቃወምም። ሴፍትሪያክሰን በካርቶን መላክን ግን እቃወማለሁ። እሱ በጥንቃቄ ከሚሰጡት ምድብ ነው፤ ያለ ምርመራ በብዛት ከተረጨ የአክስቴን ታሪክ በየቤቱ እናደርሳለን።

ከሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተርና ከላቦራቶሪ ኃላፊዋ ጋር በስልክ ተነጋግሬያለሁ። ክፍሉን ሊሰጡን፣ ሁለት ባለሙያ ሊመድቡ ፈቅደዋል። የፈለጉት በጽሑፍ የተረጋገጠ የሦስት ዓመት ድጋፍ ነው፤ «አንድ ዓመት ጀምራችሁ ከምትተዉን አትጀምሩ» ብለውኛል። ከመካከላችሁ ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆናችሁ ከእኔ ጋር በወር አንድ ጊዜ በዙም ውጤቶቻቸውን የሚያይ ቡድን እንድትገቡ እጠይቃለሁ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ከቡናው ጠረጴዛ ላይ ነው። የዕቃውን ዝርዝር ለገንዘብ ያዣችን ሰጥቻለሁ፤ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እየዞረ ይታይልኝ። ጥያቄ ካላችሁ አሁን ልቀበል።