ዕውቀት ወደ ሕሙማን ሲመለስ



ኦኩፔሽናል ቴራፒ የተባለው ሙያ ሕሙማንን በሥራና በዕለታዊ ተግባር አማካይነት ወደ ኑሯቸው ለመመለስ የሚጥር ሙያ ነው። በአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ግን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል፤ ይኸውም እጅ እግሩ ጤነኛ የሆነ፣ መታጠብንም ሆነ ማብሰልን አሳምሮ የሚያውቅ ሕመምተኛ ስለምን ከአልጋው አይነሣም? የሚል ነው። አሜሪካዊው ፕሮፌሰር ጋሪ ኪልሆፍነር (ከ1949 እስከ 2010 እ.ኤ.አ.) የምሁርነት ዘመናቸውን በአመዛኙ ያዋሉት ይህን ለመሰለው ጥያቄ መልስ በመሻት ነበር።

ኪልሆፍነር በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሜሪ ራይሊ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ራይሊ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሰሙት ዝነኛ ንግግር ሰው በአእምሮውና በፈቃዱ ተመርቶ በሚሠራው ሥራ የራሱን ጤና ሊያሻሽል እንደሚችል አስረድተው ነበር። ሙያው ግን በዚያ ዘመን የተጎዳውን የአካል ክፍል ነጥሎ ወደ ማየት አዘንብሎ ነበር። ደቀ መዝሙሩ በ1975 በማስተርስ ጥናታቸው የጀመሩትን ሐሳብ አዳብረው፣ በ1980 ከባልደረቦቻቸው ጋር «የሰው ልጅ ተግባር ሞዴል» በሚል ስያሜ በሙያው መጽሔት በተከታታይ አወጡት።

ሞዴሉ የሰውን ፈቃድ፣ ልማዱንና በኅብረተሰቡ ውስጥ ያለውን ድርሻ፣ ችሎታውን፣ እንዲሁም የሚኖርበትን አካባቢ አንድ ላይ ይመረምራል። በዚህ ዓይን ሲታይ ከአልጋው ያልተነሣው ሰው ሰነፍ አይባልም። ቀድሞ ምን ደስ ያሰኘው ነበር? የቤተሰብ አስተዳዳሪነቱ ወይም ተማሪነቱ ከተቋረጠ ወዲህ ቀኑን በምን ይገፋል? ተብሎ ይጠየቃል። የሕይወት ታሪኩም ከራሱ አንደበት ይሰማል።

ሞዴሉ ቃላቱ ይከብዳሉ የሚል ነቀፌታ አላጣውም። ኪልሆፍነርም በ1985 ያሳተሙትን መጽሐፍ በ1995፣ በ2002 እና በ2008 እያሻሻሉ አውጥተውታል። በ1986 ወደ ቺካጎው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላም ተመራማሪውና በሕሙማን ክፍል የሚሠራው ባለሙያ ጥያቄውን አብረው እንዲያነሡና መልሱን አብረው እንዲፈትኑ ሠርተዋል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው የሚገኝ ሰዎችን ወደ ሥራ ለመመለስ በዚያው ከተማ የተካሄደው ፕሮግራም ከዚህ ትብብር ፍሬዎች አንዱ ነው።

የእኒህ ምሁር ሕይወት ለሙያው የሚተወው ትምህርት ግልጽ ነው። ከሕሙማን ክፍል የወጣ ጥያቄ መጽሐፍ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ ቢቀር ዕዳው አልተከፈለም። ዕዳው የሚከፈለው ያ ሕመምተኛ አንድ ማለዳ በገዛ ፈቃዱ ተነሥቶ ፊቱን ሲታጠብ ነው።