ዛፍና ግድግዳ በዋልካ መሬት
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ስለ ከተማ ልምላሜ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የአደባባይና የመንገድ ዳር ተክል ነው። ሆኖም በየቤቱ ግቢ ያለው መሬት ተደምሮ ሲታይ ከአደባባዩ የሚያንስ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጧል። ከቁጥሩ ቀጥሎ መሐንዲስ ሊጠይቀው የሚገባው ግን ችግኙ የቆመበት አፈር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ነው።

የጃማ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ደጎሎ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ ናት። የጃማ ሜዳ በጥቁር የዋልካ አፈሩ የታወቀ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኮማተርና ይሰነጣጠቃል። በላዩ የተሠራ ቤትም ከአፈሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። እንቅስቃሴው በቤቱ ዙሪያ እኩል ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ግድግዳን የሚሰነጥቀው በአንድ ወገን ብቻ ሲበረታ ነው። ለዚህ አለመመጣጠን ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ ያለ ቦታው የተተከለ ዛፍ ነው።

በ1880ዎቹ ዓመታት በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ችግርን በማቃለል የዋለው ውለታ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ብዙ ውኃ ይፈልጋል። ከቤት ጥግ ሲተከል ሥሩ ከመሠረቱ ሥር ያለውን እርጥበት ይመጥጣል፤ አፈሩ በዚያ ወገን ይኮማተራል፤ ማዕዘኑ ይሰምጣል፤ ከበርና ከመስኮት ጫፍም ሰያፍ ስንጥቅ ይነሣል። ባለቤቱ ተበሳጭቶ ዛፉን ቢቆርጠው ደግሞ አፈሩ ውኃውን መልሶ ሲጠጣ ያብጥና ግድግዳውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ መፍትሔው አስቀድሞ ቦታን መምረጥ ነው።

በሚያብጥ አፈር ላይ ዛፍ ከቤት የሚኖረው ርቀት ከሙሉ ቁመቱ ባያንስ ይመረጣል። ቁመቱ 20 ሜትር ለሚደርስ ባሕር ዛፍ ይህ 20 ሜትር ማለት ነው። ወርዱ 10፣ ርዝመቱ 20 ሜትር በሆነ ግቢ ውስጥ እንግዲህ ለባሕር ዛፍ ስፍራ የለውም፤ ስፍራው ከመኖሪያ የራቀው ዳገት ነው። ለጠባብ ግቢ የሚስማሙት እንደ ጌሾ፣ ግራዋና ኮክ ያሉት አጫጭሮቹ ናቸው፤ ሰፊ ግቢ ላለው ወይራና የአበሻ ግራር ይጨመራሉ።

ችግኙን በቤት ማፍላት አያስቸግርም። ማፍያው በዋልካ ብቻ ከተሞላ ሲደርቅ ስለሚጠነክር አሸዋና የበሰበሰ ፍግ ይቀላቀልበታል። የወይራ ፍሬ ጠንካራ ሽፋኑ በጥንቃቄ ሲሰበር ፈጥኖ ይበቅላል። በዋልካ ላይ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ በሐምሌና በነሐሴ ውኃ አቁሮ ሥሩን ያፍናል። በሰሜን ሸዋ የእነዋሪ ገበሬዎች ለእህላቸው ከፍ ያለ መደብ በእጃቸው እየሠሩ ውኃውን ያጠነፍፋሉ፤ የግቢ ችግኝም እንዲሁ ከፍ ባለ መደብ ላይ ቢተከልና ቦይ ቢወጣለት ይጸድቃል። በበጋ ሥሩ በጭድ ከተሸፈነ መሬቱ ቶሎ አይሰነጠቅም።

የጣሪያ ውኃም ሊዘነጋ አይገባም። 40 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 400 ሊትር ያህል ይወርዳል፤ ይኸውም ሁለት በርሜል ነው። ይህ ውኃ በግድግዳ ሥር ሲጠራቀም መሠረቱን ያሳብጣል። በአሸንዳ ተቀብለው በበርሜል ቢያጠራቅሙት ግን ቤቱ ይጠበቃል፤ ዝናቡ ሲያቋርጥም ችግኙ የሚጠጣው ያገኛል።

ከዚህ የምንረዳው ቤቱና ዛፉ አንድ አፈር የሚጋሩ ጎረቤቶች መሆናቸውን ነው። የማኅበሩ አባላት የመኖሪያ ቤት ንድፍ በሚያወጡበት ጊዜ የመጸዳጃው፣ የማድቤቱና የአጥሩ ቦታ እንደሚመለከት ሁሉ የዛፉም ቦታ ከነርቀቱ በንድፉ ላይ ሊመለከት ይገባል። እንዲህ ከሆነ ቤተሰቡ ከዓመታት በኋላ ከጥላውና ከግድግዳው አንዱን ለመምረጥ አይገደድም።