ወለል ላይ የሚቀርብ ማዕድ

አቅራቢ፦ ሕንድ ውስጥ አምሪትሳር ከተማ ወዳለው የሲክ እምነት ተከታዮች ወርቃማ ቤተ መቅደስ የሚገባ እንግዳ ጫማውን ያወልቃል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ራሱን ይሸፍናል። ታዲያ «የእኔ ባልሆነ እምነት ምን አገባኝ?» የሚል አይጠፋም፣ ወንድሜ።

ተባባሪ፦ አይጠፋም፤ ግን አክብሮትን ከእምነት ያደባልቃል። ሲኮች ጉሩ ግራንት ሳሂብ የተባለውን መጽሐፍ እንደ ሕያው መምህር ስለሚያዩት ወደ እሱ እግር መዘርጋት ነውር ነው፤ መስገድ ግን ከሌላ እምነት ተከታይ አይጠበቅም። ለእኔ ከባዱ ፈተና ማዕዱ ነው። ላንጋር በሚባለው የነፃ ምግብ አዳራሽ ባለጸጋውም ድሃውም ወለል ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ይህ የሕንድን በትውልድ የሚወረስ የካስት ልዩነት ሆን ብሎ የሚሽር ሥርዓት ነው። «እኔን ለብቻ አስቀምጡኝ» ያለ እንግዳ ይህንኑ ያፈርሳል።

አቅራቢ፦ ጉልበቱን የሚያመውስ?

ተባባሪ፦ እሱማ ሌላ ነው፤ ብዙ ቦታ ዳር ላይ ወንበር አለ።