የድልድዩ መረብና የወጣቱ ጭንቀት



ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ክብደትን፣ ነፋስንና ጎርፍን ያሰላል። በድልድዩ ላይ ብቻውን የቆመው ወጣት ግን ከስሌቱ ውስጥ የሚገባው ከስንት አንዴ ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የጎልደን ጌት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1937 ተከፈተ። ብዙ ሰዎች በዚያ ሕይወታቸውን ቢያጠፉም፣ መከላከያ ይሠራ በተባለ ቁጥር «ቁርጥ ያደረገን ሰው ምን ያግደዋል? ከዚህ ቢከለከል ሌላ ዘንድ ይሄዳል» የሚል መቃወሚያ ይቀርብ ነበር። ሪቻርድ ሳይደን የተባሉ ተመራማሪ ይህን አባባል በመዝገብ ፈተሹት። እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 1971 ከድልድዩ ላይ በሰው ርዳታ የተመለሱትን 515 ሰዎች ተከታትለው በ1978 ውጤቱን ሲያወጡ፣ ከመቶ 94 ያህሉ በሕይወት የሚገኙ ወይም በተፈጥሮ ሞት ያለፉ ሆነው ተገኙ። መረቡ በድልድዩ ሁለት ጎን ተዘርግቶ ያለቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ማስረጃው ከወጣ ከ46 ዓመት በኋላ! ለምህንድስና ሙያ ይህ የሚያኮራ ቀጠሮ አይደለም።

ከዚህ የምንረዳው፣ የጭንቀቱ ብርቱ ሰዓት አላፊ መሆኑን ነው። ብዙውን ጊዜ ወጣቱ የሚሻው ሞትን ሳይሆን ከሥቃይ ማረፍን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 ባወጣው አኃዝ ራስን ማጥፋት ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ስለ ሆነ፣ ነገሩ በየካምፑ ካሉት ወጣት ምሩቃንም የራቀ አይደለም።

ከጓደኞቹ የሚሸሽ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ «ሸክም ሆንሁባችሁ» የሚል፣ የሚወደውን ዕቃ ያለ ምክንያት የሚያድል ወጣት ሲታይ፣ የተለመደው መልስ «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህም?» ነው። ቃሉ በቅንነት ይነገራል፤ ነገር ግን የጀመረውን ጨዋታ ይዘጋበታል። ይልቅስ ለብቻው አስቀምጦ «መሞትን አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄው ያልነበረ ሐሳብ ይጨምርበታል የሚለው ፍርሃት በምርምር አልተደገፈም። መልሱ «አዎን» ከሆነ ሳይቆጡና ሳይሰብኩ ማዳመጥ፣ ብቻውን አለመተው፣ ሊጎዳው የሚችለውንም ነገር ከአጠገቡ ማራቅ ይገባል፤ ይህም ያው የመረቡ ሥራ ነው።

ከዚያ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በሩቅ የመንገድ ሥራ ካምፕ የሚገኝ ኃላፊ መኪና አዝዞ ሹፌሩን ብቻ ባይልክ፣ አብሮት ቢሄድ መልካም ነው። ሕክምናው ሲፈጸምም «ድኗል» ብሎ መተው አይገባም፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት በተለይ አስጊ ስለ ሆኑ፣ በእነዚያ ቀኖች ምሳውን አብሮት የሚበላ የሥራ ባልደረባ ያስፈልገዋል።